ሸኝተነው የት ገባን?

አምና ከሰፈራችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደውን ልጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ የቀመሰችው ይበቃታል። ውጤት የመጣ ዕለት እልልታችን ደሴን አዳርሷል። ዳቦ ተደፋ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ አንዱ ሻንጣ አንዱ ብርድ ልብስ አመጣ። እኔም 200 ብር አስጨብጬው «ዶክተር ሆነህ ና» ብዬ መረቅሁት። ልጁ በስድስት ወሩ ተመልሶ መጣ። ዛሬ ከግንበኛ ጋር ሲሚንቶ ያቦካል።

ወድቆ እንዳይመስላችሁ! የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቱ ከብዙዎቻችን ልጆች ይሻላል። ለዕረፍት በብድር መጣ፣ መመለሻ አጣ። የተመደበው አገር አቋርጦ ነው፤ አዲስ አበባ ታድሮ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ቀን ሙሉ መንገድ አለ። የጎደለው 1,800 ብር ነበር። እናቱ ሦስት ቤት አንኳኳች፣ ከዚያ በላይ ለመለመን አፈረች። የምዝገባው ቀን አለፈ። በዚያው ሳምንት እኛ ለተዝካር ሁለት በሬ ጥለናል። እኔም ተቀምጬ በልቻለሁ።

ታዲያ ማን ይፈር?

«መንግሥት ያስተምር የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ዶርምና ካፌ ይሰጣል። እሱም ቢሆን በነጻ አይደለም፤ በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተማሪው ውል ፈርሞ የሚገባበት፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ የሚቆረጥ ዕዳ ነው። ሃንድአውት ግን ፎቶ ኮፒ የሚነሳው በራሱ ብር ነው። ሳሙናው፣ የስልክ ካርዱ፣ ትራንስፖርቱ ከራሱ ነው። ለሴት ልጅ ሞዴስም አለ፤ ስለሱ እኛ ወንዶቹ አናነሳም፣ እነሱም ደፍረው አይጠይቁንም። ይህን ሁሉ ዛሬ ለብዙ ቤት የሚሸፍነው ማነው? ቤሩትና ሪያድ የሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ወንድሟን በጉልበቷ ታስተምራለች፣ እኛ ምርቃቱ ላይ ሱፍ ለብሰን ፎቶ እንነሳለን። ሽኝቱ ላይ አለን፣ ምርቃቱ ላይ አለን። መሃሉ ላይ የለንም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይኸው ነው፦ አምስት ሰው ለአንድ ልጅ። እያንዳንዱ በወር 200 ብር።

በወር ነው ያልሁት፣ ጠቅልሎ መስጠት አይሆንም! ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ተማሪ ሳለሁ ነን-ካፌ ሆኜ፣ በካፌው ምግብ ፈንታ የወሩን ብር በእጄ ተቀበልሁ፤ በ12ኛው ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ ጓደኞቼ ከካፌ በጃኬት ሸሽገው በሚያወጡልኝ ዳቦ ነው የኖርሁት። ክፉ ልጅ ስለሆንሁ አልነበረም፣ ያን ያህል ብር አንድ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። የ18 ዓመት ልጅ 10,000 ብር ይዞ ከሄደ ጥቅምት ላይ ስልክ ይቀይራል፣ ታኅሣሥ ላይ ይበደራል። በየወሩ ደመወዝ በወጣ ማግስት በቴሌብር ይላክለት። የመመለሻው ትራንስፖርት ደግሞ አስቀድሞ ተለይቶ በእድራችን ሣጥን ይቀመጥ፤ ለልጁም፣ ለእናቱም፣ ለማንም አይሰጥ፣ ቲኬት ይቆረጥበት። ልጆቹም የወጣውን በደብተር ይጻፉ። ተቆጣጣሪ አንሆንባቸውም፤ ብቻ ይጻፉት፣ የሄደበትን ራሳቸው ያዩታል።

200 ብር ምንድን ነው? ለቡናና ለሻይ የምናጠፋው ነው። ለተዝካሩም ለሰደቃውም በሬ መጣል ያላቃተን ሰዎች፣ ለሞተው ተሰብስበን ለሚማረው ብቻ አቃተን? እድር የቆመው ለቀብር ነው የምትሉ አላችሁ። ያ ልጅ ሲሚንቶ ሲያቦካ በፊቱ እያለፋችሁ ይህን በሉት!

አምስት ሰው ለአንድ ልጅ! ዘንድሮ ደግሞ «እግዜር ያውቃል» ብለን ሸኝተን አንመለስ! የግቢ ጥሪው ሳይወጣ፣ ሻንጣው ሳይታሰር፣ አሁን!

ምዝገባ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በእድሩ አዳራሽ፣ ጸሐፊው ዘንድ። ውጭ አገር ያላችሁ በዘመድ ስማችሁን አስጽፉ። ብሩ በሦስት ፈራሚ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበባል። አምስት ሆኖ መቧደን ያልቻለ ብቻውን ይምጣ፣ እኛ እናቧድነዋለን። ብር የሌለው ያገለገለ ካልኩሌተር፣ መጽሐፍ፣ አንሶላ ያምጣ።

የዘንድሮ ልጆቻችን 7 ናቸው። የሚያስፈልገው 35 ሰው ነው። እስከ ትናንት ማታ ቃል የገባው 11 ነው።