ስለ ወል ስምና ስለ ተጸውዖ ስም

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ስለ እናቶቻቸው በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዝናቸው። ከእነርሱም የአንዱ እናት ስም አበባ ነበረና፣ መዝገበ ቃላት ገልጦ «የእናቴ ስም ፍላወር ነው» ሲል ጻፈ፤ ያውም በትንሹ ፊደል ጀምሮ። እኛም በቀይ ቀለም አሰመርንበትና ለክፍሉ ጮኽ ብለን አነበብነው። ልጆቹ ሳቁ። እርሱ ግን የተሳቀው በእንግሊዝኛው ሳይሆን በእናቱ መስሎት፣ ደብተሩን ዘግቶ አቀረቀረ። በደሉ የእኛ ነበር፤ ነገሩን አስቀድመን በሚገባ አላስረዳናቸውም ነበርና።

የልጆቻቸውን ደብተር ማታ ማታ የሚመለከቱ ወላጆችም ይህን የመሰለ ነገር ሳይገጥማቸው አይቀርም።

የወል ስም በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ በአንድነት የሚጠሩበት ነው፤ ሰው፣ ወንዝ፣ ከተማ፣ አበባ እንደ ማለት ነው። የተጸውዖ ስም ግን፣ ጸውዐ ማለት ጠራ ማለት ነውና፣ አንዱን ከወገኑ ለይተን የምንጠራበት ነው፤ ዓባይ፣ ጎንደር፣ ኢየሩሳሌም እንደ ማለት ነው። እንግሊዞች ልዩነቱን ለዓይን ያሳያሉ፤ የተጸውዖውን ስም በዐረፍተ ነገር መካከል ቢውልም እንኳ በትልቁ ፊደል ይጀምሩታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ ልጆቻችን ይህን እንደ ጌጥ ይቈጥሩታል። ነገር ግን ልዩነቱ በአማርኛችንም አለ። «አበባ ቀጠፍን» እንላለን፤ እናቲቱን ስናነሣ ግን «አበባን ጠራናት» እንላለን እንጂ «አበባ ጠራናት» አንልም። አበባ ይፈነዳል፤ አበባ ትመጣለች። ልጁ ይህን በአፉ ያውቀዋልና፣ ወላጅም ከዚህ ቢነሣ መልካም ነው።

እንግሊዞች የዕለታትንና የወራትን ስም በትልቁ፣ ክረምትና በጋን ግን በትንሹ ፊደል ይጽፋሉ፤ ይህ ልማድ ስለሆነ በቃል ማጥናት ብቻ ነው። «እናቴ» ሲሉ ማዘር የሚለው ቃል በትንሹ ይጻፋል፤ ልጅ እናቱን «እማዬ» ብሎ እንደሚጠራት ሲጠሯት ግን በትልቁ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጎድ የሚለው ቃል ነው። እኛ አምላክ የሚል የወል ስም፣ እግዚአብሔር የሚልም ለእርሱ ብቻ የምንለው ስም አለን። እንግሊዝኛ ግን በአንዱ ቃል ለሁለቱም ያገለግላል፤ የሚለያቸውም ፊደሉ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት፣ ምዕራፍ 8፣ ስለ ብዙ አማልክትና ስለ አንዱ አምላክ ተያይዞ ስለሚናገር፣ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ትንሹንም ትልቁንም ፊደል በዚያው ስፍራ ያሳያል። ልጅዎ በዚህ ቃል ላይ ቢሳሳት ይህን ምዕራፍ ያስነብቡት።

የኦሪት ዘፍጥረትም ነገር ደስ ያሰኛል። አዳም በምዕራፍ 2 ቁጥር 23 ረዳቱን ሴት አላት፤ ይህ የወል ስም ነው። በምዕራፍ 3 ቁጥር 20 ሔዋን ብሎ ሰየማት፤ ይህም የተጸውዖ ነው። የራሱ የአዳም ስም ደግሞ በዕብራይስጥ ሰው ማለትም ነው። የዕብራይስጥ ፊደል እንደ እኛው ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ የወሉ ስም የት አብቅቶ ተጸውዖው የት እንደሚጀምር መወሰን የተርጓሚ ዕዳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ አዳም የሚለውን ስም ከምዕራፍ 2 ቁጥር 19 ጀምሮ ሲጽፍ፣ ከኋላ የመጡ አንዳንዶች እስከ ምዕራፍ 3 ቁጥር 17 አቈይተውታል።

እንግዲህ የተጸውዖ ስም ትርጕሙ ቢታወቅም አይተረጐምም። አይቈረጥምም። ይህን የምንለው በአሜሪካና በአውሮፓ ስላሉ ዘመዶቻችን ነው። ገብረ ማርያም ወይም ወልደ ሚካኤል ተብሎ የተጠመቀ ሰው ስሙን በእንግሊዝኛ ለያይቶ ሲጽፍ፣ የመዝገቡ ጸሐፊ ፊተኛውን ብቻ ይወስድና «ገብረ» ብሎ ይጠራዋል። ገብረ የተናባቢ ቃል ነው፤ «የ… አገልጋይ» ብሎ ስለሚቆም፣ የማን? ያሰኛል። የጠፋው የቅድስት ድንግል ስም ነው። ስለዚህ በማናቸውም ቅጽ ላይ ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ እንደ አንድ ቃል፣ በአንድ ትልቅ ፊደል ጀምሮ መጻፍ ይሻላል፤ ለሕፃናት የልደት ማስረጃ ሲወጣ ደግሞ ከመጀመሪያው ቢታሰብበት በኋላ ከሚመጣው እንግልት ያድናል።

ያን ልጅ በማግስቱ ወደ ሰሌዳው ጠርተን፣ ስሕተቱ የእኛም እንደ ነበር ለክፍሉ ከነገርን በኋላ፣ የእናቱን ስም አስጻፍነው። የመጀመሪያይቱን ፊደል ኤን ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ አስረዝሞ ጻፋት። እኛም አላረምነውም።