አባቶቻችን ለመጠየቅ የሚያፍሩት ሕክምና



የፕሮስቴት ካንሰር የተገኘባቸው ብዙ አባቶች ሐኪሙ «የጨረር ሕክምና ያስፈልግዎታል» ሲላቸው አንድም ጥያቄ ሳያነሡ ይወጣሉ። ሕመሙ ከወገብ በታች ነውና ለሚስት መናገር ያሳፍራል፤ ለልጅማ ይብሳል። ሐያእ የኢማን ክፍል ነው። ነገር ግን ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ከብልት ስለሚወጣ ፈሳሽ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለመጠየቅ ባፈሩ ጊዜ፣ ሚስታቸው የነቢዩ ልጅ ነበረችና፣ ሚቅዳድን ልከው አስጠየቁ እንጂ ጉዳዩን አልተዉትም። አባት ካፈረ ልጅ ይጠይቅለት።

ጨረሩ ሲሰጥ አያምም፤ ራጅ እንደ መነሣት ነው። አስቀድሞ ፕሮስቴቱ ያለበት ቦታ በሲቲ ስካን ይለካል፤ ዳሌ አካባቢም ነጥብ የሚያህሉ ምልክቶች ይደረጋሉ። ከዚያ በሳምንት 5 ቀን እየተሄደ ብዙውን ጊዜ በ4 ሳምንት 20 ጊዜ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል። በየቀኑ ማሽኑ ሥር የሚተኛው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በአገራችን ይህ ሕክምና ከ20 ዓመት በላይ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ኋላ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም ተጀምሯል። ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ የሳምንታት ማረፊያ አስቀድሞ ያስብ።

አንድ ነገር ላይ ግን ረዘም አድርገን እንነጋገር። ታካሚው ብዙውን ጊዜ ከጨረሩ በፊት ሽንቱን ሸንቶ የተወሰነ ውሃ እንዲጠጣና ፊኛው ሞልቶ እንዲቀርብ ይታዘዛል። የሞላ ፊኛ አንጀትን ከጨረሩ ያርቃል፤ ራሱም አብዛኛው ክፍሉ ከጨረሩ ውጭ ይሆናል። ሕክምናው ከረመዷን ጋር ሲገጥም «ጾሜን አልፈታም» ብለው ውሃውን የሚተዉ አባቶች አሉ። በአል-በቀራ ምዕራፍ ቁጥር 185 ላይ ለታመመ ሰው በሌሎች ቀናት መጾም ተፈቅዶለታል። አላህ የሰጠውን ፈቃድ ትቶ አንጀትን ማስጎዳት ጀግንነት መስሎ አይታየንም።

ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ሳምንት ወዲህ ድካም ይመጣል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ያቃጥላል፣ ሌሊትም ይቀሰቅሳል። ሆድም ሊላላ ይችላል። አብዛኛው ሕክምናው ባለቀ በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀንሳል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከፊንጢጣ ደም ከታየ ግን «ኪንታሮት ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ ለሐኪም ይነገር። የራስ ፀጉር አይረግፍም።

ሽንት የሚያመልጠው ሰው ከመስጊድ መቅረት ይጀምራል። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ደሟ አልቆም ሲላት ነቢዩን ጠይቃ ነበር። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ከዚያ ተነሥተው፣ ሽንቱ የማይቆምለት ሰው የሶላቱ ወቅት ሲገባ ይታጠባል፣ ንጹሕ ጨርቅ ይታጠቃል፣ ውዱእ አድርጎም ይሰግዳል፤ በመሐል ቢንጠባጠብ ሶላቱ አይበላሽም ብለዋል። መስጊዱን እንዳይነካ ከተጠነቀቀ ጀመዓው የእርሱም ነው። ዝርዝሩን የሰፈራችሁን ኡስታዝ ጠይቁ።

የትዳሩንም ጉዳይ አንሸሽገው። የወንድነት አቅም ወዲያው ሳይሆን በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊዳከም ይችላል፤ ከጨረሩ ጋር የሆርሞን መርፌ የሚወስድ ደግሞ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ሰውነቱንም ሙቀት ይወርረዋል። የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ። ሚስት ይህን ሳታውቅ ከቀረች የተጠላች ይመስላታል፤ ስለዚህ ሐኪም ዘንድ አብረው ቢገቡ እንመርጣለን።

አንድ ተማሪያችን «አያቴ ጨረር ስለሚወስድ ትንሹን ወንድሜን እንዳያቅፈው ተከልክሏል» ብሎናል። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል፤ በሰውነት ውስጥ አይቀርም። ልጁ አያቱ ጭን ላይ ይቀመጥ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጨረር የሚሰጡ ጥቃቅን ፍሬዎች በፕሮስቴቱ ውስጥ ለተቀበሩለት ሰው ነው፤ እርሱም ከነፍሰ ጡሮችና ከሕፃናት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚርቅ ሐኪሙ ይነግረዋል።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ በየጥቂት ወራቱ ይደረጋል። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ አይወርድም፤ ዝቅተኛው ላይ ለመድረስ ዓመት ከመንፈቅና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዴም ጥቂት ከፍ ብሎ ይመለሳል። የመጀመሪያው ውጤት ዜሮ አልሆነም ብላችሁ አባታችሁን አታስደንግጡ፤ ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል አስቀምጡና በቀጠሮው ቀን ይዛችሁለት ሂዱ።