ፎቶው የማን ነው?

ትየርኪዲ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ድንኳን፣ ሰልፍና ጄሪካን ነው። የደቡብ ሱዳን ጦርነት በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ሲፈነዳ፣ በዚያው ዓመት ጋምቤላ ውስጥ የተከፈተው ይህ የስደተኞች ጣቢያ አሥር ዓመት አልፎታል። በአሥር ዓመት ሰው ይዳራል፣ ይወልዳል፣ ገናን ያከብራል፣ ኳስ ይጫወታል። ታዲያ ይህ ሁሉ የት አለ? ለእርዳታ ማስታወቂያ የሚነሳው ፎቶ ወይ ችግርን ወይ ለለጋሽ የተዘጋጀ ምስጋናን ያሳያል፤ ሦስተኛ መልክ የለውም።

እኔ ግን፣ ወጣቱ በሞባይሉ ያነሳው የእናቱ ፎቶ ይበልጣል እላለሁ። ቢደበዝዝስ? እግር ቢቆረጥስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ያለፈውን ዘመን ያሳየን ከቤተሰብ አልበም በተሰበሰቡ ፎቶዎች አይደለምን?

«የተራበ ሰው ፎቶ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። የተራበም ሰው እናት አለው! አልበሙን ጥሎ የሸሸ ቤተሰብ ማስታወሻው ዛሬ ሞባይል ውስጥ ነው፤ ሞባይሉ ሲበላሽ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ካሜራ አንግታችሁ የምትሄዱ ሁሉ፣ ማተሚያም ይዛችሁ ሂዱ። የሰውን መልክ ወስዶ ለራሱ አንዲት ቅጂ መንፈግ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ እርዳታ አይደለም።