የሠፈር ጸጥታ የማን ገንዘብ ነው?



ከዚህ በታች የምጽፈው አሳብ የብዙ ቤተ ሰቦችን ኑሮ የሚነካ መስሎ ስለ ታየኝ፥ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአዲስ አበባ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት የማስተምረው አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጧት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዘወትር ያንቀላፋ ነበር። ሁለት ጊዜ በዝምታ አለፍሁት፤ በሦስተኛው ግን በጓደኞቹ ፊት ተቈጥቼ ከክፍል አስወጣሁት። በኋላ ጠርቼ ምክንያቱን ብጠይቀው፥ «ቲቸር፥ ቤታችን ከመጠጥ ቤቱ በላይ ነው፤ ሙዚቃው እስኪዘጋ መተኛትም ማጥናትም አይቻልም» አለኝ። የትኛው መጠጥ ቤት እንደ ሆነ ሲነግረኝ፥ እኔው ከምኖርበት የጋራ መኖሪያ ግቢ፥ ከእኔ ሕንፃ ሁለት ሕንፃ ዐልፎ ያለው ሆኖ አገኘሁት። እኔ በጓሮ በኩል ስለምኖር ድምፁ ሲበረታ መስኮቴን ዘግቼ እተኛለሁ። ለልጁ ግን መስኮት መዝጋት አይጠቅመውም፤ ድምፁ የሚመጣበት ከእግሩ ሥር ነውና።

ያን ዕለት ያፈርሁት በራሴ ነው። በዚያ ግቢ ሦስት ዓመት ስኖር ስለዚያ ቤት ለማንም አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ምክንያቴም «ተከራይ ነኝ፤ ነገ ለምለቀው ቤት ምን አገባኝ?» የሚል ነበር።

ጸጥ ያለና ልጅ ለማሳደግ የሚመች ሠፈር ሲባል፥ ለብዙዎቻችን የሚታየን ከፍ ያለ አጥርና በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። እንዲህ ያለው በገንዘብ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ እኛ በወር ደመወዝ የምንተዳደር ሰዎች ድርሻችን እንዳልሆነ ቈጥረን ዝም እንላለን። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ጀምሮ ያደገችው በሠፈር ነው። ቃሉም የመጣው «ሰፈረ» ከሚለው ሲሆን፥ መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ከነጭፍራቸው ሲሰፍሩ ቦታው በስማቸው ይጠራ ጀመር። ራስ መኰንን፥ ደጃች ውቤ እየተባለ የሚጠራው ሁሉ ከዚያ የተረፈ ነው። በእነዚህ ሠፈሮች ባለጸጋውና ድኻው በአንድ አጥር ሥር ይኖር ነበር። ያለፈውን ሁሉ ለማመስገን አልፈልግም፤ ጣራው ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃው ለብዙ ሰው አንድ ነበር። ነገር ግን መንገድ ላይ የሚባልግን ልጅ ማንም ታላቅ ሰው ይገሥጸው ነበር፤ እናቱም «ምን አገባህ?» አትልም ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ማለታችንም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ተሠሩ፤ በጀሞ፥ በሰሚት፥ በየካ አባዶ፥ በኮዬ ፈጬ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ገባ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ሠፈራቸው ሲፈርስ የተነሡትም ብዙዎች ናቸው። በአዲሱ ቤት ውሃውም ወጥ ቤቱም መጸዳጃውም ለየራስ ሆነ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ዕጣ ቤት ይሰጣል እንጂ ጎረቤት አይሰጥም። ከየአቅጣጫው የመጣን ሰዎች በደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሰላም እንኳ ሳንባባል ዓመት እናልፋለን።

የዚህን ጉዳት በግቢያችን ላሳይ። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ሜዳ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ነበር። አስቀድሞ ሁለት መኪና ቆመበት፤ ቀጥሎ ዐሥር፤ በመጨረሻም ሁሉንም መኪና ያዘው። አንድ ቀን ኳስ የመኪና መስተዋት ሰበረና ኮሚቴው ኳስ መጫወትን ከለከለ። ልጆቹ ታዲያ ወዴት ሄዱ? ወደ ትልቁ በር፥ መጠጥ ቤቱ ወዳለበት ነው የሄዱት። የስምንት ዓመት ልጅ ሰካራም ሲጣላ እያየ ይመሽበት ጀመር። ኮሚቴውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ኮሚቴው ስብሰባ በጠራ ቍጥር እኔ አንድ ጊዜም አልሄድሁም።

ልጆች ቦታ ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ለማየት «መንገድ ለሰው» የተባለውን ቀን ማስታወስ ይበቃል። በ2011 ዓ.ም. አንዳንድ ጐዳናዎች በአንዳንድ እሑዶች ለመኪና ሲዘጉ፥ ልጆቹ ቀድመው አስፋልቱን በኳስና በብስክሌት ሞሉት። ማንም አልጠራቸውም፤ ቦታ ብቻ ነበር የጐደላቸው።

«ሕግ የለም» የሚሉም አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቍጥር 370/1995 ግቢውን፥ ደረጃውንና ሜዳውን የቤት ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ገንዘብ አድርጎ፥ አስተዳደሩን ለማኅበራቸው ሰጥቷል። በዚያው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ድምፅንም ከብክለት ይቈጥረዋል። በአገራችን ለመኖሪያ ሠፈር የተወሰነው የድምፅ ልክ ቀን 55፥ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች በተለመደ ድምፅ ሲነጋገሩ 60 ያህል ይደርሳል፤ እንግዲህ የሌሊቱ ልክ ከጨዋታችን እንኳ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል የሚበጀው 30 ዴሲቤል ነው ብሏል። ስለዚህ የጐደለን ሕግ አይደለም፤ የጐደለው ሕጉን ይዞ «እባክህ» የሚል ጎረቤት ነው። «ዝም አይነቅዝም» እያልን ዝም ስንል፥ ጸጥታችንን ያጣነው በዝምታችን ነው።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ነበርሁ። ማታ ደወል ሲደወል ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። እኔም ደወሉ ጸጥ ያደረገን ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ጸጥታውን የሚጠብቁት ታላላቆቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ታናናሾቹን በየአልጋቸው እየዞሩ «ሌላው ይተኛ» ይሉን ነበር። ሕግም እንደ ደወሉ ነው፤ ሰው ካልያዘው ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከተማሪዬ ጋር ከተነጋገርሁ በኋላ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ሆነን ወደ መጠጥ ቤቱ ባለቤት ሄድን። እርሱም በሠራው ሥራ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ቤቱ ይዘጋ አላልንም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግልን፥ በጣራው ላይ የሰቀለውንም የድምፅ ማጉያ እንዲያወርድልን ብቻ ለመንነው። «እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም» አለን። ማጉያውን አወረደ። ዐርብና ቅዳሜ ማታ አሁንም ያስቸግረናል፤ በሥራ ቀን ግን ቃሉን ጠብቋል። ከሜዳውም ሲሶው በድንጋይ ተለይቶ ለልጆች ተሰጥቷል። መኪና ያላቸው ጎረቤቶች ግማሾቹ ተቀይመውናል፤ የሌሊት ጥበቃው ሌላ ማቆሚያ እስኪያደራጅ ቅሬታቸው እውነትነት ስላለው፥ ነገሩ ገና አላለቀም።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ወገኖቼ ሆይ፥ ጧት ጨለማ ለብሰን ወጥተን ማታ ደክመን ስለምንመለስ፥ ሠፈራችንን የምናውቀው በሌሊቱ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም በወር አንድ እሑድ ለግቢው ስብሰባ እንስጥ። በላይና በታች የሚኖሩትን ጎረቤቶች በስማቸው እንወቅ። የቤት ባለቤቶችም ተከራዮችን በስብሰባው ያሳትፉ፤ አዋጁ ድምፅ የሰጠው ለባለቤቱ ቢሆንም፥ በቤቱ የሚያድረውና ልጅ የሚያሳድገው ብዙ ጊዜ ተከራዩ ነውና። ተከራዮችም እንደ እኔ «ነገ እለቃለሁ» አንበል። የኪራይ ውል ይታደሳል፤ የልጅነት ዘመን ግን አይታደስም።

ተማሪዬን በዚያው ክፍል በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከፈተናው በፊት የቀሩትን ሁለት ወራት፥ ቢያንስ ከሰኞ እስከ ኀሙስ፥ ተኝቶ አድሯል።

በታላቅ አክብሮት፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ
ከአዲስ አበባ