የበዓል ቀለም ከበዓሉ ጋር ይታጠብ

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 23 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም አጋማሽ ላይ፣ የሳዑዲ ዐረቢያ ብሔራዊ ቀን ሲከበር የጅዳ ባሕር ዳርቻ አረንጓዴ ይለብሳል። ልጆች ፊታቸው ላይ ባንዲራ ያስላሉ፤ ወጣቶች አረንጓዴ ዊግ ያጠልቃሉ፤ ፀጉራቸው ላይ አረንጓዴ ቀለም የሚረጩም አይጠፉም። በማግስቱ ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ ቀለሙ ታጥቦ ሄዷል።

ከተማዋ እንዲህ ያለውን ጨዋታ በአደባባይ መልመድ የጀመረችው በቅርብ ዓመታት ነው። የሳዑዲ የመጀመሪያው ኮሚክ ኮን የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 እዚሁ ጅዳ ሲሆን፣ ወጣቶች የሚወዷቸውን የፊልምና የካርቱን ገጸ ባሕርያት መስለው ታይተውበታል። በጃንዋሪ 12 ቀን 2018 ደግሞ የአገሪቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ገብተው የእግር ኳስ ጨዋታ የተመለከቱት በዚችው ከተማ፣ አል አህሊ ከአል ባጢን ሲገናኙ ነበር። ቀለም፣ መሃረብና ጭፈራ ከዚያ ወዲህ የወንዶች ብቻ መሆናቸው ቀርቷል።

በጅዳና በመካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ከዚህ ጨዋታ ውጭ አይደሉም። የእነሱ ጨዋታ ግን የሚደምቀው አደባባይ ላይ ሳይሆን ከበር ወዲያ ነው። የዕረፍት ቀን ያገኙ ሴቶች አንዷ ቤት ይሰባሰባሉ፤ ቡና ይፈላል፤ አባያውና ሻሹ ይወልቃል፤ አንዷ የሌላዋን ፀጉር ትይዛለች። ለዒድ፣ ለሠርግ ወይም እንዲያው ለፎቶ ሲባል ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ ወይም መዳብ የመሰለ ቀለም ይሞከራል። ይህን የሚያዩ አንዳንዶች፣ በተለይ አገር ቤት ያሉ ዘመዶች፣ «የሄድሽበትን ዓላማ ረሳሽው ወይ?» ይላሉ።

ወቀሳው ፍትሕ የጎደለው ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ሴት ቀኗ በማዳም ፕሮግራም ይመራል፤ የምትተኛበት ክፍል የራሷ አይደለም፤ ደመወዟም ገና እጇ ሳይገባ ለወንድም ትምህርት፣ ለእናት መድኃኒት፣ ለቤት ቆርቆሮ ተመድቧል። ማንንም ሳታስፈቅድ የምትወስንበት ነገር ከጥቂት አይዘልም፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ፀጉሯ ነው። በጥቂት ሪያል የተገዛ፣ በአንድ እጥበት የሚለቅ ቀለም ማንንም አያደኸይም። ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለጨዋታ ተብሎ የሚገዛው ቀለም በእርግጥ ለጨዋታ የሚሆን ነው ወይ?

ፀጉር መቀባት ለእነዚህ ከተሞች አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ630 መካ በሙስሊሞች እጅ በገባችበት ጊዜ የአቡበከር አባት አቡ ቁሐፋ ፀጉራቸውና ጺማቸው ፍጹም ነጭ ሆኖ ነቢዩ ሙሐመድ ዘንድ እንደቀረቡ፣ ነቢዩም ሽበቱ በቀለም እንዲለወጥ፣ ጥቁር እንዳይሆን ግን እንደተናገሩ በሐዲስ ተዘግቧል። አቡበከር ራሳቸው ሂና ከከተም ቅጠል ጋር ይቀቡ እንደነበርም ይነገራል። በእኛም አገር ሐረርና ወሎ ሂናን፣ ሌላው አካባቢ ደግሞ እንሶስላን ለሙሽራ እጅና እግር ሲያውለው ኖሯል።

ዛሬ በአል በለድ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጥንታዊው የጅዳ ሰፈር፣ ሂና ከቅመማ ቅመምና ከከርከዴ ጋር ይሸጣል። እውነተኛው ሂና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ የደረቀ ሣር ሽታ ያለው ዱቄት ነው። ለብ ባለ ሻይ ወይም በሎሚ ጭማቂ ይለወስና ተሸፍኖ ለሰዓታት ይቀመጣል። ፊቱ ሲጠይም ቀለሙ ወጥቷል ማለት ነው። ያኔ ፀጉሩ ላይ በደንብ ተለብጦ በፌስታል ይታሰራል፤ ሦስት አራት ሰዓት ይቆይና ይታጠባል። ሽበት ላይ መጀመሪያ ብርቱካንማ ሆኖ ይታይና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቡናማ ይጠልቃል። ጥቁር ፀጉር ላይ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ ቀላ ያለ ወዝ ይሰጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሂና ከቅጠል ስለተሠራ ብቻ ጊዜያዊ ቀለም አይሆንም። ላውሶን የሚባለው ቀለም ሰጪው ንጥረ ነገር ከፀጉሩ ኬራቲን ጋር ይያያዛል፤ ሊደበዝዝ ይችላል እንጂ በሻምፑ ተጠራርጎ አይወጣም። ለአንድ የዒድ ቀን ብላ የተቀባች ሴት የቀላው ፀጉር አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ አብሯት ይኖራል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት ባለባቸው ልጆች ላይ ደግሞ ሂና ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ስለሚችል፣ ሕፃናትን ለበዓል ብሎ ሂና ከመቀባት በፊት ማሰብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው «ጥቁር ሂና» የሚባለው ነው። ሂና በተፈጥሮው ጥቁር አይሆንም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፀጉርንም እጅንም የሚያጠቁር ዱቄት ወይም ልውስ ብዙውን ጊዜ ፓራፌኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ተጨምሮበታል። ፒፒዲ በፋብሪካ በተመረቱ ቋሚ የፀጉር ቀለሞች ውስጥም አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን ፀጉር ላይ ሲቀባ መጠኑ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። እቤት ውስጥ የተቀላቀለውን ማን ይለካዋል? የራስ ቆዳ ያብጣል፣ ዓይን ይደፈናል፣ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል። ሰውነት አንዴ ፒፒዲን ከተቆጣ ቁጣው ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ የፀጉር ቀለም ስትሞክር ያው ሕመም ይመለስባታል። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በሱዳን፣ ሴቶች ሂናን ለማጥቆር የሚጨምሩት ይኸው ኬሚካል ወደ ሆድ ሲገባ ጉሮሮን እንደሚያሳብጥና ኩላሊትን እንደሚጎዳ የካርቱም ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጽፈዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

እውነተኛው ጊዜያዊ ቀለም አሠራሩ ሌላ ነው። በቾክ፣ በስፕሬይ፣ በባለ ቀለም ዋክስና በፀጉር ማስካራ ውስጥ ያለው ቀለም ወደ ፀጉሩ ውስጥ አይሰርግም፤ የላይኛው ሽፋን ላይ ተለጥፎ ይቆይና በአንድ ወይም በሁለት እጥበት ይለቃል። ከኮንዲሽነር ጋር የሚቀባው ከፊል ቋሚ ቀለም ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከ4 እስከ 12 እጥበት ይዘልቃል። ለጥቁርና ለጥቅጥቅ የሐበሻ ፀጉር ዋክሱ ይስማማል፤ ቀለሙ ደመቅ ያለ ስለሆነ ፀጉሩን ሳያነጡት ይታያል። በብሊች ማንጣት ግን ጊዜያዊ ነገር አይደለም። የላይኛው ቀለም ቢታጠብም የነጣው ፀጉር አይመለስም፤ ደርቆና ተሰባብሮ ይቀራል፤ ጊዜያዊውንም ቀለም አልለቅ ይላል።

ከቀለሙ ዓይነት ያላነሰ ዝግጅቱም ወሳኝ ነው። ቅቤ ወይም ቅባት የጠጣ ፀጉር ቀለም አይቀበልም፤ አስቀድሞ ይታጠብ። ግንባርና ጆሮ አካባቢ ቫዝሊን ይቀባ፤ ቆዳ ላይ የፈሰሰው በቀላሉ ይጠረጋል። ማታ አሮጌ ሻሽ ማሰር ትራስን ያድናል፤ የአሠሪ ነጭ ፎጣና አንሶላ ላይ የቀረ ሰማያዊ እድፍ ደግሞ ለሠራተኛዋ ትንሽ ጣጣ አይደለም። ማንኛውም አዲስ ቀለም ከመቀባቱ ከ48 ሰዓት በፊት ክንድ መታጠፊያ ላይ በጥቂቱ ይሞከር። ምንም ኬሚካል መንካት ለማትፈልግ ሴት ባለ ቀለም የሹሩባ ዊግ አለላት፤ ከበዓሉ በኋላ ሲፈታ የራሷ ፀጉር እንደነበረ ነው።

ለሙስሊም እህቶች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፀጉር ላይ ቀለሙ ብቻ የሚቀር ሂና ለውዱእ እንቅፋት እንደማይሆን፣ ውኃ የሚከለክል ሽፋን የሚሠራ ነገር ግን መነሣት እንዳለበት ዑለማዎች ያስተምራሉ። ስለዚህ ዋክስና ወፍራም ስፕሬይ በቀላሉ የሚታጠብ መሆኑ ለጸሎትም ጉዳይ ነው። ለዑምራ የምትዘጋጅ ደግሞ በኢሕራም ሽቶ ክልክል ስለሆነ፣ ሽታ ያለውን ስፕሬይ ከዒዱ ጋር ተሰናብታው ወደ መካ ብትነሣ ይሻላል።

ይህ ሁሉ እውቀት ረጅም ትምህርት አይጠይቅም፤ ግን ለሴቶቹ በጊዜው የሚነግራቸው የለም። ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች ከመሄዳቸው በፊት የሚሰጣቸው ሥልጠና ውስጥ ስለ ቤት ዕቃ አጠቃቀም ሲነገር፣ ቆዳና ዓይን ስለሚጎዱ ኬሚካሎች፣ ከወለል ማጽጃው እስከ ጥቁር ሂናው፣ አንድ ሰዓት ቢመደብ ብዙ ሕመም ይቀራል። ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላና የኮሚኒቲ ማኅበራት ከረመዳንና ከዒድ በፊት ተመሳሳይ መልእክት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ማሰራጨት ይችላሉ። ለኢትዮጵያውያን የሚሸጡ ነጋዴዎችም ስሙና የተሠራበት ነገር ያልተጻፈበትን ከረጢት ከመደርደሪያቸው ያውርዱ። ገዢዋም ብትሆን ዱቄቱ በግማሽ ሰዓት ያጠቁራል ሲሏት ትለፈው፤ በምትኩ በሻምፑ የሚለቀውን ዋክስ ይዛ ወደ ጓደኞቿ ትሂድ።