የኮሪያ ሙዚየምና የእኛ ጓዳ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአካባቢው ከተሞች የሚያድጉ ልጆቻችን ዛሬ ኮሪያን በሚገባ የሚያውቋት ይመስላቸዋል። ፊልሟን ያያሉ፤ ዘፈኗን ያዳምጣሉ፤ የምግቧን ስም ሳይቀር ይጠራሉ። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች መካከል ኢትዮጵያዊ ወታደር በኮሪያ ተራሮች ላይ መዋጋቱንና መውደቁን የሚያውቀው ስንቱ ነው? ይህን ጉድለት እንዲሞላ ትምህርት ቤትን ብቻ መጠበቅ አይገባም። እናትም የራሷ ድርሻ አላት። ስለዚህ ቤተሰብ የኮሪያን ታሪክና ባህል የሚያሳዩ ሙዚየሞችን ቢጎበኝ ምን እንደሚጠቀም፣ አይቶ ሲመለስም በገዛ ቤቱ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው በዛሬው ዓምዳችን እንወያያለን።

ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ እናቶች ለሕክምና፣ ለንግድ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ይመላለሱበታል። ልጆች አብረው የሄዱ እንደ ሆነና ግማሽ ቀን ከተረፈ፣ አፍንጮ በር የሚገኘውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ማሳየት መልካም ነው። በዚያ ለወደቁት የቆመ ሐውልትና የዘመቻውን ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም ይገኛል። ልጅ በመጽሐፍ ሲያነበው የሚሰለቸውን ታሪክ የወታደር ልብስና የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ሲያይ በጥያቄ ይቀበለዋል።

ለጥያቄው መልስ እንዲኖራት እናት ጥቂት ነገር አስቀድማ ብታውቅ ይጠቅማታል። ጦርነቱ የተነሣው ሰኔ 1942 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን ጥሪ ተቀብላ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ጦር ላከች። የመጀመሪያው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጅቡቲ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ተጉዞ ፑሳን ወደብ ደረሰ። የሻለቃው ስም ቃኘው ነበር፤ ይህም የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ተኩስ ማቆሚያው ስምምነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም የኢትዮጵያ ጦር እየተተካ ቆይቷል። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ደርሰዋል። ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

ለእናት ልብ ከጀብዱው ይልቅ የሚቀርብ ሌላ ታሪክም አለ። በጦርነቱ ማብቂያ ወታደሮቻችን በዶንግዱቾን ከተማ እናት አባታቸውን ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው የሚያሳድግ የሙት ልጆች ማሳደጊያ አቋቁመዋል። ዛሬ በሀብቷ የምትታወቀው ኮሪያ ያን ጊዜ ልጆቿ በፍርስራሽ መካከል የሚራቡባት አገር ነበረች። ይህን የሰማ ልጅ ሀብትም ድህነትም የማያልፍ ዕድል አለመሆኑን ይገነዘባል።

እዚያው አዲስ አበባ፣ በቸርችል ጎዳና ላይ የሚታየው የትግላችን ሐውልት ደግሞ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራና በ1977 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። እንግዲህ ለሁለት የተከፈለው ሕዝብ የሁለቱም ወገን አሻራ በአንዲት ከተማችን ውስጥ ይገኛል። በደርግ ዘመን መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለ ነበረ፣ ለደቡቡ የተዋጉ ዘማቾች ታሪካቸውን በአደባባይ የሚያወሩበት ጊዜ አልነበረም። ሜዳሊያ በሣጥን፣ ትዝታም በልብ ተቀበረ። ዛሬ በሕይወት የሚገኙት ዘማቾች ጥቂት አዛውንት ብቻ ናቸው። አንድ አዛውንት ሳይጠየቁ በሞቱ ቁጥር የሚጠፋውን ነገር ከየትም ገዝቶ መተካት አይቻልም።

ኮሪያውያን ራሳቸው ይህን ከብዙዎች ቀድመው ተረድተዋል። በ1943 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያይል የብሔራዊ ሙዚየማቸውን ቅርሶች ከሴኡል ወደ ፑሳን አሽሽተዋል። ሕዝቡ ጠግቦ በማያድርበት ወቅት የሸክላ ዕቃና የጥንት ሐውልት መሸሸጉ ለአንዳንዱ ቅንጦት መስሎ ይታየው ይሆናል። ሆኖም ብሔራዊ ሙዚየማቸው ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በሚገኝበት ታላቅ ሕንፃ ውስጥ ልጆቻቸው የሚያዩት ያን ጊዜ የተረፈውን ጭምር ነው። በዚያው በሴኡል በ1986 ዓ.ም. የተከፈተው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም በኮሪያ የወደቁ የኢትዮጵያውያንን ስም ይዟል። በቹንቾን ከተማ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ክፈፉ ክብ፣ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ የጎጆ ጣሪያ ተሠርቶለታል። የሐዲያና የከምባታ ልጅ ፎቶግራፉን ቢያየው የአያቱን ቤት ያስታውሰዋል።

ለቤት እመቤት ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የኮሪያ የባህል ሙዚየሞች የጓዳ ዕቃን በክብር ማስቀመጣቸው ነው። በሴኡል በጥንቱ የጊዮንግቦክ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ባለው የባህል ሙዚየም የጭቃ እንስራ፣ የማረሻ ዕቃ፣ የሠርግና የለቅሶ ሥርዓት ይታያል። ኪምቺ ለሚባለው ምግባቸው ብቻ የተዘጋጀ ሙዚየምም አላቸው። ኪምቺ ጎመንና ራዲሽ በጨው፣ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት ተዘጋጅቶ እንዲብላላ የሚቀመጥ ምግብ ነው። በበልጋቸው መጨረሻ፣ ብርዱ ሳይበረታ፣ የጎረቤትና የዘመድ ሴቶች ተሰብስበው ያዘጋጁታል። በጥንቱ ልማድ እንስራው እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ይቀበርና ክረምቱን ሙሉ ይበላል። ይህ የጋራ ሥራ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገብ በ2006 ዓ.ም. በደቡቡ፣ በ2008 ዓ.ም. በሰሜኑ ስም ተመዝግቧል።

ይህን ያነበበች የሆሳዕና ወይም የዱራሜ እናት «ይህማ የእኛ ቆጮ አይደለምን?» ብትል አትሳሳትም። እኛም ጋ ሴቶች ተጠራርተው እንሰት ይፍቃሉ። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ለወራት ይብላላል። ከዚያው ተክል ቡላ፣ አሚቾና ቃጫ ይወጣል። የትኛው የእንሰት ዓይነት ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለስብራት መጠገኛ እንደሚሆን የምታውቀው ሴቲቱ ናት። ይህን ዕውቀት ግን ማንም በጽሑፍ አላስተማራትም፤ ከእናቷ እጅ አይታ ነው የወረሰችው። ዛሬ በከተማ ያለችው ልጇ ቆጮን ከገበያ ገዝታ ትበላለች እንጂ መፋቂያውን ይዛ አታውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ሌላው በመስተዋት ውስጥ የሚያኖረውን እኛ ለማገዶ እንዳናደርገው ያሰጋል።

ስለዚህ ቤተሰብ ከሙዚየም ጉብኝት በሙሉ ለመጠቀም የሚከተለውን ቢያደርግ እንመክራለን።

በመጀመሪያ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለልጆቹ ታሪኩን በአጭሩ ንገሯቸው፤ እያንዳንዱም አንድ ጥያቄ ይዞ ይግባ። እዚያ ስትደርሱ ሁሉንም ለማየት አትቻኮሉ። ልጁ የወደደውን አንድ ዕቃ መርጦ በደብተሩ ላይ ይሣለው። ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ጨዋነት ነው።

ሁለተኛ፣ ወደ ቤት ስትመለሱ ልጁ ያየውን ለአያቶቹ ይንገር፤ የእነርሱንም ይጠይቅ። የዘመተ ዘመድ ካለ፣ ወይም እንሰት መፋቅን አሳምረው የሚያውቁ አያት ካሉ፣ ድምፃቸውን በስልክ መቅዳት ወጪ የለውም። አያት በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ ቢናገሩ በዚያው ይቀዳ፤ ቋንቋውም ራሱ ቅርስ ነውና።

ሦስተኛ፣ በቤት ያለውን አሮጌ ዕቃ አትናቁ። ፎቶግራፍን ከጭስና ከእርጥበት አርቁ፤ በሙጫ አታጣብቁት። በጀርባው ላይ የሰውየውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በቀስታ በእርሳስ ጻፉበት። ሜዳሊያ እንዲያበራ ብላችሁ በአመድ ወይም በአሸዋ አትፈትጉ። ከቀርከሃ የተሠራውን መፋቂያም ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተጠቀመበት የሚገልጽ ወረቀት አስሩበት። ዕቃውን ለትምህርት ቤት ወይም ለባህል ተቋም የምትሰጡ ከሆነ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ሀብት አያስፈልግም። ሥራ ውላ የምትገባ እናትም ብትሆን ከሳምንቱ አንዲት ምሽት አታጣም። ኮሪያውያን የአባቶቻችንን ስም በአገራቸው ጠብቀው አቆይተውልናል። የእናቶቻችንን ሥራ ጠብቆ ለልጅ ማስተላለፍ ግን የሌላ የማንም ሳይሆን የእኛ ኃላፊነት ነው።