ጨዋማው ፍሳሽና የደጋው አየር

ለአማራ ክልል የአካባቢና ደን ጥበቃ ባለሥልጣን
ባሕር ዳር

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የበግ ቆዳ ነጋዴ እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ጨው ነው። የሥጋው ወገን ወደ ላይ ተዘርግቶ ጨው ይነሰነስበታል፤ ሌላው በላዩ ይደረባል፤ ክምሩም መኪና ይጠብቃል። ያ ሁሉ ጨው ፋብሪካ ደርሶ ከመዘፍዘፊያው ውኃ ጋር ይወጣል። ጠጉሩ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ከተነቀለ በኋላ ደግሞ ኖራውን ከቆዳው ለማስለቀቅ አሞኒየም ሰልፌት ይጨመራል፤ እሱም አሞኒያ ሆኖ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል።

ባለሥልጣኑ ጉዳዩን ከደጃፉ ያውቀዋል፤ የባሕር ዳር ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በዓባይ መነሻ ላይ ያለው ተጽዕኖ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል።

መፍትሔውም ከሩቅ አይመጣም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሥዩም ለታና ባልደረቦቹ በአገር ውስጥ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሞከሩትን የሥነ ሕይወት ማጣሪያ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። አየር በሚነፋበት ገንዳ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ኦክስጅን በሌለበት ገንዳ ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ናይትሮጅን ጋዝ አድርገው ወደ አየር ይለቁታል።

ነገር ግን አሞኒያ ለዋጮቹ ቀበጦች ናቸው። አዝግመው ይባዛሉ፤ ጨው በድንገት ሲበዛባቸው ሥራ ይፈታሉ። ቀስ በቀስ ካለማመዷቸው ይችሉታል፤ ጨውን ማጥፋት ግን አይሆንላቸውም፤ እንደገባ ይወጣል። ስለዚህ ቆዳው ከመዘፍዘፉ በፊት ጨው ይራገፍ፤ ኖራ ማስለቀቁም በአሞኒየም ፈንታ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሁን። ይህ ከማንኛውም ገንዳ ይቀድማል።

ደጋው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ 4.6 ግራም ገደማ ኦክስጅን ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ሲታከልበት ባክቴሪያዎቹ ይለግማሉ። በጎጃም ደጋ ለሚተከል ቆዳ ፋብሪካ ፈቃድ ሲሰጥ የአየር መንፊያው አቅምና የገንዳው ስፋት ለዚህ አየር መሰላቱ ይጣራ፤ ከሌላ አገር የተቀዳ ንድፍ ብቻውን አይበቃም።

አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያለማስጠንቀቂያ የመግባትና ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ሰጥቷል። ባለሥልጣኑ ይህን ሥልጣን ቆዳ በሚጎርፍበት ወቅት፣ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ባሉት ሳምንታት ይጠቀምበት፤ የአሞኒያውንና የጨውን መጠንም ፍሳሹ የሚገባበትን ውኃ ለሚጠቀሙት ቀበሌዎች ያሳውቅ።